ሦስተኛው ማሳሰቢያ

በኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ በተደረደሩት ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ፣ ግድግዳ ሁሉ በጣት ይጻፍበታል፤ የየራሱም ጉዳይ አለው። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ስለ ምግብና ስለ ጋዝ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ስለ ውሃ፣ የአሳንሰሩ ስለ አሳንሰር። ከመግቢያው በር አጠገብ ያለው ሰፊው ግድግዳ ስለ ጤና፣ ስለ እሳትና ስለ ሌባ ነው። ሰው ጠዋት ተነስቶ ዳቦ የሚያዘው በግድግዳው የዳቦ መድረክ ላይ ጽፎ ነው፤ ጎረቤቱን እንደምን አደርክ የሚለው በሰላምታ መድረክ ነው። የሰላምታ መድረክ ረፋዱ ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ የተገናኙ ሰዎች አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይተላለፋሉ። በአፍ ማውራትን የከለከለ የለም፤ ልምዱ ግን ጠፍቷል።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ትልልቆቹ ያስታውሳሉ። ድሮ መድረክ ሁሉ ክፍት ነበር። በሽንኩርት ዋጋ የተጀመረ ወሬ በሰው አያት ቅድመ አያት ያልቅ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ የሆነ ሰፈር ውስጥ ቤት ይቃጠላል። ብዙ ከተቃጠለ በኋላ የርዕስ ሕግ ወጣ። ከርዕሱ የወጣውን ጽሑፍ የመድረኩ ርዕስ ጠባቂ ይሰርዘዋል፤ የተሰረዘ አይቀመጥም። ለጸሐፊው ማሳሰቢያ ይደርሰዋል። በሦስተኛው ማሳሰቢያ ይታሸጋል። የታሸገ ሰው ከማንኛውም ግድግዳ ላይ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ለተራው ሰው እሽጉ ቢበዛ አንድ ወር ነው። ራሱ ርዕስ ጠባቂ የነበረ ሰው ከሆነ ግን፣ እያወቀ ያጠፋ ነውና፣ ዕድሜ ልኩን ነው። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ቤት አልተቃጠለም። ሰዉም ሕጉን የሚወደው ለዚህ ነው።

ዘሀራ ይማም ርዕስ ጠባቂ ናት። የሦስተኛው ሕንፃ የውሃ መድረክ በእሷ እጅ ነው። ጠዋት ከቤቷ ወጥታ የአንደኛውን ሕንፃ ደረጃ ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር በእግሯ ትወርዳለች፤ ግቢውን አቋርጣ ወደ ጥበቃ ክፍሉ ትገባና ከመብራት መድረክ ጠባቂዋ ከጌጤነሽ ጎን ትቀመጣለች። ከዚያ ማንበብ ነው። «የአምስተኛ ፎቅ ውሃ ቀጥኗል።» ይቆያል። «ውሃ ስትጠፋ እናቴ ትዝ ትለኛለች።» ይሰረዛል። «ቧንቧችን ያንጠባጥባል፣ ደግሞ መልካም በዓል።» ይሰረዛል፤ ሰውየውም ቧንቧውን ብቻ አድርጎ እንደገና ይጽፋል። ጣቷ ፈጣን ነው፤ አለቆቿም ያመሰግኗታል። ሌሎች ጠባቂዎች ሹመት ይዘው ወደ ገበያ መድረክ፣ ወደ ትምህርት መድረክ ሲዛወሩ እሷ ግን አሻፈረኝ ብላ በዚህ መድረክ ቀረች። አንድ ጊዜ አግቢኝ ብሎ የጠየቃት የደሴ ሰው ነበር፤ ደሴ መሄድ አለብሽ ስላላት ተወችው። ምክንያቱን ያወቀ የለም። ምክንያቷ ሦስተኛው ሕንፃ ውስጥ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ይኖር ነበር።

ስሙ ዘርጋው ነው። ሽበቱ የጠራ፣ ጡረታ የወጣ ሰው። ከባለቤቱ ከወይዘሮ እልፍነሽ ጋር ሁለቱ ብቻ ይኖራሉ። ዘሀራ ግቢ ውስጥ ስታገኘው እንደ ማንኛውም ትልቅ ሰው አንቱ ትለዋለች፤ በልቧ ግን አንድም ቀን አንቱ ብላው አታውቅም።

ታላቅ እህቷ ራቢያ የሞተችው አሳንሰር ውስጥ ነው። ያኔ ሁለቱ በአንደኛው ሕንፃ፣ ዛሬም ዘሀራ በምትኖርበት ቤት አብረው ይኖሩ ነበር። ራቢያ አስም ነበረባት፤ ሳቅ እንኳ የሚያስላት ልጅ ነበረች፣ ግን ሳቅ ትወዳለች። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ አሳንሰሩ በሁለት ፎቅ መሃል ቆመ። መድኃኒቷን ቤት ትታው ነበር። አሳንሰሩ ውስጥ ያለው ግድግዳ የሚከፍተው የአሳንሰር መድረክን ብቻ ነው፤ ራቢያ እዚያ ላይ ጻፈች፦ «አሳንሰሩ ቆሟል። አስም አለብኝ፣ መድኃኒቴ ቤት ነው። ለእህቴ ለዘሀራ ንገሩልኝ።» የመድረኩ ጠባቂ ሰረዘው። «የጤና ጉዳይ በጤና መድረክ ይቅረብ። አንደኛ ማሳሰቢያ።» እንደገና ጻፈች፦ «መተንፈስ እያቃተኝ ነው። እባካችሁ ሰው ጥሩልኝ።» ተሰረዘ። «ሁለተኛ ማሳሰቢያ።» እነዚህን ሁለቱን አንዲት የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ከመሰረዛቸው በፊት አይታቸው ነበር፤ በኋላ ለዘሀራ የነገረቻት እሷ ናት። ደንግጣ ለማን እንደምትነግር ስታስብ ሦስተኛው መጣ፤ ገና ዓይኗን ሳትጥልበት ጠፋ። ራቢያ ታሸገች። የአሳንሰር ጠጋኙ ተራውን ጠብቆ ሲደርስ ራቢያን ጫማዋን አውልቃ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣ አገኛት። ዘሀራ በዚያን ሰዓት ቤት ነበረች፤ መድኃኒቱም ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ጠባቂው ዘርጋው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ዘሀራ አቤቱታ አቀረበች። የአቤቱታው ርዕስ «የአሳንሰር ጥገና መዘግየት» የሚል ሆኖ ተመዘገበ፤ የሰጧት ርዕስ እሱ ነው። በቀጠሮው ቀን ዘርጋው ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ መጣ። ዘሀራ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት።

«ሦስተኛው ምን ይላል? እህቴ መጨረሻ ላይ የጻፈችው ምን ይላል?»

ዘርጋው ወደ አቤቱታ ሰሚው ጉባኤ ሰብሳቢ አየ፤ ቀጥሎ ወደ እሷ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «እህቴ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል። ነገር ግን የዛሬው ርዕስ ጥገና ነው።»

ሰብሳቢው ጥያቄውን ሰረዘው። ዘሀራም የመጀመሪያ ማሳሰቢያዋን ያገኘችው በዚያ ቀን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሷን ነከሰችበት። እናቷ ዱዓ አድርጊ፣ ለአላህ ተይው አለቻት፤ ዱዓውን አደረገች፣ ሰውየውን ግን አልተወችውም። የርዕስ ጥበቃ ትምህርት ገባች፤ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። ዘርጋው ጡረታ ወጥቶ ሦስተኛው ሕንፃ ቤት እንደተሰጠው በሰማች ጊዜ የሦስተኛውን ሕንፃ የውሃ መድረክ ጠየቀች። ማንም የማይፈልገው መድረክ ስለነበር ወዲያው ሰጧት። ጠባቂዎች ስማቸውን መግለጥ ከቀረ ቆይቷል፤ ስለዚህ ዘርጋው በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ በጻፈ ቁጥር ማን እንደሚያነበው አያውቅም ነበር።

ጠበቀችው። ግን ሰውየው አይሳሳትም። «የስምንተኛ ፎቅ ግፊት ደህና ነው።» «ዛሬ ውሃው ክሎሪን በዝቶበታል።» አንዲት ቃል አትተርፍ፣ አንዲት ቃል አትጎድል። ዘሀራ የሰውየውን ኑሮ በውሃው አወቀችው፤ መቼ እንግዳ እንደሚመጣለት፣ ወይዘሮ እልፍነሽ መቼ ልብስ እንደሚያጥቡ፣ በበዓል ዋዜማ ስንት ጊዜ ባልዲ እንደሚሞላ። አንዳንዴ ትርፍ ቃል የሚጽፍላት ይመስላትና ጣቷን አንስታ ትጠብቃለች። አይጽፍም። እርጅና እንኳ አላዘባረቀውም።

በአንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ የሰላምታ መድረክ በተዘጋ በትንሽ ጊዜ ውስጥ፣ በውሃ መድረኩ ላይ ጽሑፍ መጣ።

«ባለቤቴ ወድቃለች። እርዱን።»

ዘሀራ የላኪውን ቤት አየች። ስምንተኛ ፎቅ። ዘርጋው። መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ወይዘሮ እልፍነሽ አልነበረም። ጣቷ ሲሄድ አየችው። ሰረዘችውና ጻፈች፦ «የጤና ጉዳይ በጤና መድረክ ይቅረብ። አንደኛ ማሳሰቢያ።» ቃል በቃል ያንኑ።

ወዲያው ሌላ መጣ። «እሷን ላነሳ ስል እኔም ወደቅኩ፤ እግሬ አይነሳም። ጭንቅላቷ ይደማል። እባካችሁ ሰው ላኩ።»

ሰረዘችው። «ሁለተኛ ማሳሰቢያ።»

ጌጤነሽ ከጎኗ ዞር አለች። «ምነው ፊትሽ? አመመሽ እንዴ?»

ዘሀራ ዓይኗን ከግድግዳው አላነሳችም። ሦስተኛውን እየጠበቀች ነበር። ስትጠብቅ ግን ሳታስበው የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ታያት፤ ነጭ ሸክላ፣ አንዲት ሴት ተዘርግታ። ሴትየዋን ታውቃቸዋለች። ከበዓል በኋላ ድፎ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ለጥበቃ ክፍሉ የሚልኩ ሴት ናቸው። ዘሀራ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለች ጌጤነሽ።

«መድረኬን እይልኝ። ምንም እንዳትነኪ።»

የሕንፃውን ዘበኛ ቁልፍ ይዘህ ና ብላ ጎተተችው። እሱ በአሳንሰር ወጣ፤ እሷ ደረጃውን እየዘለለች ሮጠች፤ አሳንሰር ከረገጠች ዓመታት አልፈዋል። ስትደርስ ዘበኛው በሩን ከፍቶ ነበር። ወይዘሮ እልፍነሽ ባላቸው ክንድ ላይ ተጋድመዋል፤ ዘርጋው እግሩ ከሥሩ ታጥፎ ፎጣ ጭንቅላታቸው ላይ ተጭኖ ይዟል። ፎጣው ቀልቷል። ከመታጠቢያ ቤቱ እስከ መግቢያው ግድግዳ ያለው መንገድ አንድ አልጋ የሚያህል ነው። ዘሀራ እዚያው ቆማ በጤና መድረክ ላይ ጻፈች፤ ሐኪሞቹ መጡ። ወይዘሮ እልፍነሽን በአንሶላ አድርገው ሲያነሷቸው ጭንቅላታቸውን ደግፋ የያዘችው ዘሀራ ናት። ዘርጋው እጇን ይዞ «ልጄ፣ ልጄ» ይላል። እጇን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣች።

ወደ ጥበቃ ክፍሉ ስትመለስ ቀሚሷ ላይ ደም ነበር። ጌጤነሽ ደንግጣ ተነሳች።

«ሴትየዋ ተረፉ?»

«ይተርፋሉ አሉ።»

«እልልል! አንቺ በሄድሽበት ሦስተኛ ጽፎ ነበር። አልነካሁትም። ደግሞ ይሄኛው ርዕሱ ላይ ነው።»

ዘሀራ ተቀመጠችና አነበበችው። «የስምንተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት የውሃ መውረጃ በደም ተዘግቷል። የቧንቧ ሠራተኛ በአስቸኳይ ይምጣ።»

የጠባቂ ሰው ጽሑፍ ነው። ሰውየው ሚስቱ በክንዱ ላይ እየደማች ርዕሱን ይዞ ቀረ። ማንም ጠባቂ የማይሰርዘው፣ ቧንቧ ሠራተኛ የሚያስመጣ፣ ቧንቧ ሠራተኛውም በሩን ከፍቶ ሁለቱን የሚያገኝበት ጽሑፍ ነው። ዘሀራ ደግማ አነበበችው። ሴትየዋ ወጥተዋል። ከአሁን በኋላ በዚህ ጽሑፍ የሚሞትም የሚድንም የለም። የቀረው እሱና እሷ ብቻ ናቸው።

«ዘሀራ» አለች ጌጤነሽ፣ ጣቷን አይታ። «ይሄ እኮ ስለ ውሃ ነው።»

«ስለ ደም ነው።»

«እግዜር ያይሻል።»

«ይየኝ።»

ሰረዘችው። ሦስተኛ ማሳሰቢያ። ግድግዳው ላይ የዘርጋው ስም ደበዘዘ፤ ከሥሩ «ዕድሜ ልክ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ምሳዋን አዝዛ ጥርግ አድርጋ በላች፤ ከራቢያ ሞት ወዲህ ምግብ እንዲህ ጣፍጧት አያውቅም። ጌጤነሽ ወንበሯን ትንሽ አራቀች።

ዘርጋው ከዘራ ተደግፎ ወደ ጥበቃ ክፍሉ የመጣው ባለቤቱ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነው። አሳንሰር የሚታዘዘው በጽሑፍ ስለሆነ ስምንት ፎቅ በእግሩ ነው የወረደው። ጌጤነሽ ወጥታ ነበር፤ ዘሀራ ብቻዋን አገኛት።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እልፍነሽን ያተረፍሻት አንቺ ነሽ።»

«ምንም አይደል አባባ። እሳቸው እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት፤ እጇ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ዳቦውንም ውሃውንም የምታዘው እሷ ሆነች፤ አንዲት መስመር ስትጽፍ ቀኑ ይመሻል። እኔ ታሸግኩ።» ከዘራውን አስተካክሎ ያዘ። «አየሽ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ሥራ ነው። ሦስተኛውን አስቤ፣ መዝኜ ነው የጻፍኩት። ከርዕስ አልወጣም። የውሃ ጠባቂውን የምታውቂው እንደሆነ እባክሽ እንደገና እንዲያየው ንገሪልኝ።»

«ጠባቂዋ እኔ ነኝ።»

የተሳሳተ የሰማ መስሎት ጆሮውን ቀረብ አደረገ። «አንቺ? ያተረፍሽን?»

«ባለቤትዎን በእጄ አተረፍኳቸው» አለች ዘሀራ። ከዚያ አንቱታው ከአፏ ወደቀ። «አንተን ደግሞ በጣቴ አሸግኩህ።»

ዘርጋው ክው አለ። በዚያ ግቢ ውስጥ በዕድሜው ያለ ሰው አንተ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም።

«ምን በድዬሽ?»

ይህን ጥያቄ ለዓመታት ስትጠብቀው ኖራለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላልና እንደረሳት እርግጠኛ ነበረች፤ እንዴት ነገሩን አንድ በአንድ እንደምታስታውሰው፣ ፊቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ብዙ ጊዜ አስባበታለች።

«ዘሀራ ይማም እባላለሁ። የራቢያ እህት።»

ሰውየው የትኛዋ ራቢያ ብሎ አልጠየቃትም። የጌጤነሽን ወንበር በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። «የአሳንሰሯ ልጅ» አለ። «አስም የነበረባት።»

ይህን አልጠበቀችም። ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ዘርጋው ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ምን ላድርግልሽ?» አለ በመጨረሻ።

ዘሀራ ያን ጊዜ የመጣላትን ተናገረች። «በአንደኛው ሕንፃ፣ እሷ ትኖርበት በነበረው፣ በር ሁሉ ታንኳኳለህ። ለከፈተልህ ሁሉ በአፍህ ትናገራለህ። ማን እንደነበረች፣ ምን እንደጻፈች፣ አንተ ምን እንዳደረግክ። ከምድር ትጀምራለህ። የመጨረሻው በር የኔ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እሽግህን አነሳልሃለሁ።»

«እሺ» አለና ተነሳ።

ውሸቷን ነበር። ጠባቂ ያሽጋል እንጂ አያነሳም፤ የዕድሜ ልኩን ደግሞ ማንም አያነሳም። ሰውየው ጉልበቱ እስኪከዳው ወጥቶ፣ ደጃፏ ላይ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ፣ የለም ልትለው ነበር።

ወሬውን ያመጣችው ጌጤነሽ ናት። በአንደኛው ሕንፃ አንድ ሽማግሌ በር ያንኳኳል። ሰዉ በር ሲንኳኳ ሌባ መስሎት በሌባ መድረክ ላይ ይጽፋል፤ ዘበኛው ይመጣና ሽማግሌውን አይቶ ይመለሳል። የምድር ቤት ሰዎች ብዙዎቹ አልከፈቱም። ሽማግሌው አይሄድም፤ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ገፍትሮት ከዘራው ደረጃውን ተንከባለለ፤ ወርዶ አንስቶ ያንኑ በር እንደገና አንኳኳ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት እስከ መጨረሻው ሰምታው ስታበቃ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋች፤ ቆይታ ከፍታ የእናቷን ነገር ታወራው ጀመር። እናቷም ታሽገው ነው የሞቱት። የጎረቤቶቿ በሮች ገርበብ ብለው ቀሩ።

ዘሀራ ጆሮዋን አቁማ ሰማች። አልራራችም። እንደውም ማታ ማታ ወደ ቤቷ ስትወጣ የት ፎቅ እንደደረሰ ለማወቅ በየደረጃው ቆም ትላለች።

አንድ ቀን ወይዘሮ እልፍነሽ መጡ። ጭንቅላታቸው በነጠላ ተጠምጥሟል።

«ልጄ፣ ተይው» አሉ። «እግሩ አብጦ ጫማ አይገባም። ማታ ማታ እግሩን በጨው ውሃ እዘፈዝፍለታለሁ፤ ጠዋት ይነሳና ይሄዳል።»

«ይሂድ።»

«ያደረገውን ነግሮኛል። ትላንት አይደለም የነገረኝ፤ ያኔውኑ ነው። ከሥራ መጥቶ ራቱን ሳይበላ ነገረኝ። በአቤቱታው ቀን ግን ምን እንዳለ አልነገረኝም።» ነጠላቸውን አጠበቁ። «እኔን ለምን አነሳሽኝ ታዲያ?»

«እርስዎ ምን አደረጉኝ?»

«እሱን ስትገይ እኔን የምታተርፊ መሰለሽ?»

ወይዘሮ እልፍነሽ መልስ ሳይጠብቁ ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ።

የመጨረሻው በር የተንኳኳው ከሰዓት በኋላ ነው። ዘሀራ ድምፁን ደረጃው ላይ ሰምታው ነበር፤ ከዘራ፣ እግር፣ ከዘራ፣ እረፍት። በሩን ከፈተች። ዘርጋው ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ አንዱ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቆሟል። ግባ አላለችውም።

«ጨርሻለሁ» አለ።

ያንን ቀን ስታልም የኖረችውን ቃል አወጣች። «እሽጉ አይነሳም። ዋሽቼህ ነው። ጠባቂ እሽግ አያነሳም።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «አውቃለሁ። የዕድሜ ልኩን አንቀጽ ካረቀቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።»

ዘሀራ የበሩን እጀታ አጥብቃ ያዘች። «ታዲያ ለምን ዞርክ?»

«በአቤቱታው ቀን ጠይቀሽኝ ነበር። ሦስተኛው ምን ይላል ብለሽ። ስምሽን ስትነግሪኝ ያንኑ ቀን ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን በሩን ሁሉ አንኳኩቼ ሳልመጣ ብነግርሽ አትሰሚኝም ነበር።»

ዘሀራ አንድ እርምጃ ወደ ደጃፉ ቀረበች። ያንን ጥያቄ ማንንም ከጠየቀች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ መልሱ ከራቢያ ጋር የተቀበረ መስሏት ነበር።

«ምን ይላል?»

ዘርጋው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ ግድግዳ ላይ እንዳለ ጽሑፍ አነበበላት። «አሳንሰሩ ውስጥ አየር የለም። ማናፈሻው ይታይልኝ።»

ዘሀራ ቃላቱን በልቧ ደገመቻቸው። ራቢያ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ትንፋሿን እየለቀመች ርዕሱን ፈልጋ አግኝታው ነበር።

«ይሄ ስለ አሳንሰር ነው» አለች።

«ስለ አሳንሰር ነው።»

«አልተሳሳተችም።»

«አልተሳሳተችም። ብልጠት መሰለኝ። ርዕስ አስመስላ ልታልፈኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። ብተወው ጠጋኙ ተራ ሳይጠብቅ ይመጣ ነበር፤ አየር ከተባለ ተራ አይጠበቅም። ሰረዝኩት።» ዓይኑን ገለጠ። «ሰዎቹ ከርዕስ በመውጣቷ የሞተች ይመስላቸዋል። ሰብሳቢውም እንደዚያ መሰለው። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

ልትመታው ነበር፤ እጇ ተነሳ። ሰውየው አልሸሸም። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«የኔም ሦስተኛው ከርዕስ አልወጣም ነበር» አለ ዘርጋው ቀስ ብሎ። ወቀሳ አልነበረበትም። «አንቺም ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«አውቀሽ ነው የሰረዝሽው?»

«አውቄ ነው።»

«እኔም አውቄ ነበር» አለ።

ተያዩ። ዘሀራ በዓይኑ ውስጥ ለዓመታት ስትፈልገው የኖረችውን ፍርሃት አላገኘችም፤ የደከመ ሰው ዓይን ብቻ ነበር። አልወደደችውም፤ ይቅርም አላለችውም። ይቅር የሚል ነገር በውስጧ ፈልጋ አጣች። ያገኘችው ሌላ ነገር ነው።

«ይህን ለጎረቤቶቹ ነግረሃቸዋል? ማናፈሻውን?»

«አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ መስማት ያለብሽ አንቺ ነሽ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው አልጨረስክም» አለች። «ከምድር ጀምር።»

ዘርጋው የተጠቀለለ እግሩን አየ፤ ቀጥሎ ደረጃውን አየ። ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና፣ በግራ እጁ ግድግዳውን ይዞ መውረድ ጀመረ። ዘሀራ አልተከተለችውም፤ በሩንም አልዘጋችም። ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ድምፁን አዳመጠች። ከዘራ፣ እግር፣ ከዘራ፣ እረፍት። እስከ ታች ሲወርድ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ተሸጋገረች። ከዚያ ከምድር ቤት በር ሲንኳኳ ተሰማ፤ አንዲት ሴት «ምነው፣ ጨረስኩ አላሉም?» ስትል፤ ቀጥሎ ደግሞ የሽማግሌው ድምፅ፣ በደረጃው ጉሮሮ ውስጥ እየጎላ፣ «ስለ ራቢያ ይማም ያልነገርኳችሁ ነገር አለ» ሲል።